ፕሮጀክት ዞምቦይድ፦ ሞቶ የማይነሣ ሰው ይዞ መጫወት

ፕሮጀክት ዞምቦይድ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጀምር ሰው ገጸ ባሕርይውን ገና አንድ እርምጃ ሳያራምድ በጥቁር ገጽ ላይ ጥቂት ቃላት ይወጡለታል፤ የመጨረሻዎቹም «እንዲህ ነበር የሞትከው» የሚሉ ናቸው። ይህ ለማስፈራራት ብቻ የተጻፈ አይደለም። ጨዋታው መጨረሻ ላይ የሚገደል ዋና ጠላትም ሆነ ተፈልጎ የሚገኝ መድኃኒት የለውም፤ ያለው አንድ ሰው፣ አንድ ሕይወትና በዞምቢ፣ ማለትም ሞቶ በተነሣ ሰው በል ሬሳ፣ የተወረረ ሰፊ አገር ነው፤ ያ ሰው ከሞተም ተመልሶ አይነሣም። እኔ ከዚህ ጨዋታ ጋር ከተዋወቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሠላሳ የማያንሱ ሰዎች በእጄ ሞተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ባስታወስኳቸው ቁጥር «ምናለ ያን ዕለት ከቤት ባልወጣሁ ኖሮ» የምልላቸው አሉ። በዚህ ግምገማ ስለ ጨዋታው ሁሉንም ነገር ለመናገር አልሞክርም፤ ትኩረቴ የማይመለስ ሞት በተጫዋቹ እጅና ልብ ላይ ምን እንደሚሠራ ማሳየት ነው።

ጨዋታውን የሠራው ዘ ኢንዲ ስቶን የተባለ፣ በብሪታንያ የተጀመረ አነስተኛ ድርጅት ነው። ለሕዝብ መድረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በኅዳር 2013 ገና በሥራ ላይ እንዳለ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር መሸጥ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2021 የወጣው ቢልድ 41 የተባለው እትም የገጸ ባሕርያቱን እንቅስቃሴ ፈጽሞ ለውጦ ብዙ ሰው በአንድነት የሚጫወትበትን መንገድ እንደ አዲስ ሠራ፤ ቢልድ 42 ደግሞ በታኅሣሥ 2024 በሙከራ ደረጃ ቀረበ። እኔ በአመዛኙ የተጫወትኩት 41ን ነው። (ሠሪዎቹ ራሳቸው ድካም በአንድ ሌሊት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፤ በ2011 ላፕቶፖቻቸው ከመኖሪያ ቤት ተሰርቀው ገልብጠው ያላስቀመጡት ሥራ አብሮ ጠፍቶባቸው ነበር። ይህንን ካወቅሁ በኋላ ጨዋታውን የማይበት ዐይን ትንሽ ተለውጧል።)

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ነው። በጨዋታው ኖክስ የተባለው አካባቢ በወታደር ተከብቧል፤ ገጸ ባሕርይውም ከውስጥ ቀርቷል። ሙልድራና ዌስት ፖይንት በእውን ያሉ የኬንታኪ ትንንሽ ከተሞች ሲሆኑ፣ ሪቨርሳይድና ሮዝዉድ ለጨዋታው የተፈጠሩ ናቸው፤ ከሁሉም የሚከብደው ትልቁ ከተማ ሉዊቪል ነው። ተጫዋቹ ሁሉን ነገር ከላይ በሰያፍ ያያል፤ ነገር ግን ገጸ ባሕርይው የማያየውን እርሱም እንዲያይ አይፈቀድለትም። ከሰውዬው ጀርባ ያለው ዞምቢ ገጹ ላይ አይታይም፤ በግድግዳ የተከለለ ክፍልም በሩ እስኪከፈት ድረስ ጨለማ ነው። ከላይ ሆኖ እየተመለከቱ ጀርባን አለማየት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ ከጥቂት ሞቶች በኋላ ግን ተጫዋቹ ሳይታዘዝ በየጥቂት እርምጃው ዞር ብሎ ማየት ይጀምራል።

የሞቱ ሕግ እንዲህ ነው። ጨዋታው እየሄደ ራሱን ያስቀምጣል እንጂ ተጫዋቹ «እዚህ ድረስ ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ኋላ የሚመለስበት ቦታ አያዘጋጅም። ገጸ ባሕርይው ሲሞት የተማረው ሙያ፣ ያዳበረው ጉልበት፣ የለመደው ፍርሃት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ዓለሙ ግን አይጠፋም፤ ተጫዋቹ ከፈለገ በዚያው ዓለም ሌላ ሰው ፈጥሮ መግባት ይችላል። ሟቹ የሠራው ቤት፣ ያቆመው መኪና፣ ያጠራቀመው ምግብ በነበረበት ይቆየዋል። ሟቹም እንዲሁ ይቆየዋል።

በሌሎች ጨዋታዎች ሞት የሁለት ደቂቃ ወጪ ስለሆነ በር ሲከፈት ማንም አይጨነቅም። እዚህ አንድን ቤት ለመፈተሽ የምወስደውን ጊዜ ላስረዳ። በመጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ቤቱን ዙሪያውን እዞራለሁ፤ መጋረጃ ባልተዘጋባቸው መስኮቶች ወደ ውስጥ አያለሁ። ከዚያ በለሆሳስ ድምፅ አሰማለሁ፤ ውስጥ ያለ ካለ ወደ በሩ ይመጣልና። ጠብቄ ምንም ካልሰማሁ በጓሮ በር ለመግባት እሞክራለሁ፤ መስኮት መስበር የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ድምፁ ጎረቤት ያሉትን ይጠራል፤ የተሰበረውን መስታወት ሳያነሡ በመስኮቱ መግባትም እጅን ይቆርጣል። አንዳንድ ቤት የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል አለው፤ ደወሉ ከጮኸ ምንም ሳይወስዱ መሮጥ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ለአንድ የታሸገ ባቄላ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ለመክፈትም የቆርቆሮ መክፈቻ ያስፈልጋል። ይህን የሚያነብ ሰው «ታዲያ ጨዋታው ምኑ ላይ ነው?» ሊል ይችላል፤ መልሴም ጨዋታው ይኸው ጥንቃቄ ነው የሚል ነው። ውጊያው ከጥንቃቄው ጉድለት የሚመጣ ዕዳ ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚሰቅለው ግን የቁስል ጉዳይ ነው። ዞምቢ ሦስት ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። ጭረት በ100 ጊዜ 7 ጊዜ ያህል ሰውን ወደ ዞምቢ የሚለውጠውን በሽታ ያስተላልፋል፤ የቆዳ መቀደድ 25 ጊዜ፤ ንክሻ ግን ሁልጊዜ። በሽታው ከያዘ መድኃኒት የለውም፤ ሰውዬው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል። ጨዋታው በሽታው መያዝ አለመያዙን አይናገርም። በገጹ ጥግ ላይ የምትወጣ ትንሽ ምልክት ብቻ «የማቅለሽለሽ ስሜት አለው» ትላለች፤ ማቅለሽለሽ ደግሞ ከበሽታው ውጭ ምክንያት አያጣም።

አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበረኝ፤ በሮዝዉድ ከአንድ አጥር ላይ ሲወርድ ዞምቢ ክንዱን ጫረው። ቁስሉን አጠብኩለት፤ በአልኮል አጸዳሁለት፤ በንጹሕ ፋሻ አሰርኩለት፤ ይህ ሁሉ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ይረዳል እንጂ ከዞምቢው በሽታ ጋር ግንኙነት እንደሌለው አውቃለሁ። በማግስቱ ማለዳ ምልክቷ ወጣች። ትናንት ከግቢው ዙሪያ የተከመሩ ሬሳዎችን ሲጎትት ውሏል፤ ሬሳ በበዛበት መዋል ደግሞ በራሱ ያሳምማል። ታዲያ ከሬሳው ነው ወይስ ከጭረቱ? ያንን ቀን ሙሉ ምንም ሥራ አልሠራሁም። ሰውዬውን በአልጋው ጫፍ አስቀምጬ ሰዓቱን ሳፋጥን፣ ስመልስ፣ የጤናውን ገጽ ስከፍት ስዘጋ ቆየሁ። ሰባት በመቶ ትንሽ ቁጥር መሆኑን አእምሮዬ ያውቀዋል፤ ልቤ ግን ሊቀበለው አልቻለም። ሌሊቱን ተኝቶ ሲነሣ ምልክቷ ጠፍታ ነበር። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ደስ ብሎኝ ያውቃል ማለት ይከብደኛል። አንድም ዞምቢ ያልታየበት፣ አንድም የሚያስደነግጥ ድምፅ ያልተሰማበት ቀን በዚህ ጨዋታ ካሳለፍኳቸው ሁሉ የሚያስፈራው ቀን ሆኖ ቀርቷል።

ሞት እንዲህ እንዲከብድ የሚያደርገው ከበስተጀርባው ያለው ተራ የዕለት ሥራ ነው። ገጸ ባሕርይ ሲፈጠር ሙያ ይመረጥለታል፤ አናጢ፣ ነርስ፣ እንጨት ቆራጭ፣ ሌባ ወይም ሥራ አጥ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ጠባይ የሚገዛው ድክመት በመቀበል ነው፤ ለምሳሌ ሲጋራ አጫሽነት ወይም የዐይን ድካም ነጥብ ያስገኛል፤ በዚያ ነጥብ ደግሞ የተሻለ የመስማት ችሎታ ይገዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መብራትም ቴሌቪዥንም ስላለ፣ የምግብ ዝግጅትና የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩ ፕሮግራሞችን በሰዓታቸው ተቀምጦ ያየ ሰው ያንን ሙያ ይማራል፤ ያመለጠው ደግሞ የተቀረጸውን ካሴት በየቤቱ ሲፈልግ ይኖራል። በተለመደው አቀማመጥ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ባልታወቀ ቀን መብራትም ውኃም ይቋረጣል። በማቀዝቀዣ ያለው ሥጋ ይበላሻል። ጄነሬተር ለማገናኘት፣ ሙያው የኤሌክትሪክ ሥራ ካልሆነ በቀር፣ ስለ ጄነሬተር የሚያስረዳውን መጽሔት ፈልጎ ማንበብ ግድ ነው፤ ጄነሬተሩን ቤት ውስጥ ያስነሣ ሰው ደግሞ በጭሱ ይሞታል። በስድስተኛውና በዘጠነኛው ቀን መካከል ሄሊኮፕተር ይመጣል፤ ሰውን ካየ ከላዩ አይለይም፤ ድምፁም የሠፈሩን ዞምቢ ሁሉ ይጎትታል። ይህን ሁሉ አልፎ አንድ ወር የሞላው ሰው እጁ ላይ የሚጠፋ ብዙ ነገር አለው።

አናጢዬን የማነሣው ለዚህ ነው። በሪቨርሳይድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ይዞ ነበር፤ የታችኛውን መስኮቶች በጣውላ መርጎ፣ ከላይ አራት የዝናብ ውኃ በርሜሎች ሠርቶ፣ ከእነርሱም አንዱን ከታች ካለው የዕቃ ማጠቢያ ጋር በቧንቧ አገናኝቶ ነበር። ቧንቧውን ሲከፍት ውኃ የወረደበትን ሰዓት አስታውሰዋለሁ። በ41ኛው ቀን ምስማር ስላለቀበት ሁለት ቤት አልፎ ወደነበረ ቤት ሄደ። ዙሪያውን አየሁ፤ መስኮቶቹን አየሁ፤ ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን አየሁ። መጸዳጃ ቤቱን ግን «ምስማር እዚያ ምን ይሠራል» ብዬ ሳላየው፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ከኮሪደሩ ቁም ሣጥን ዕቃ ማውጣት ጀመርኩ። የጤናውን ገጽ ስከፍተው በግራ ክንዱ ላይ «ንክሻ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ነበር።

እዚህ ላይ ጨዋታው ያደረገልኝን ነገር በሌላ ጨዋታ አላገኘሁም፤ የመሞቻ ጊዜ ሰጠኝ። ሰውዬው ሁለት ቀን ያህል ይቀረዋል። ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው እጄ ከሄደ በኋላ ተመለስኩ። ወደ ቤት ወሰድኩት። መሣሪያዎቹን ለይቼ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ፤ የታሸጉትን ምግቦች በአንድ መደርደሪያ ሰበሰብኩ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ስለነበረው ቤንዚኑ የት እንዳለና የትኛው ቤት እንዳልተፈተሸ ጽፌ ከመግቢያው አጠገብ ተውኩ። ትኩሳቱ ሲበረታ እቤት ውስጥ ሞቶ ዞምቢ ሆኖ እንዳይነሣ ብዬ አወጣሁት፤ በአጥሩ ማዶ ባለው ሜዳ ሲደርስ ወደቀ። እኔም ሳላስበው «ነፍስ ይማር» አልኩ።

በዚያው ዓለም አንዲት ነርስ ፈጠርኩ። ያረፈችው ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቤቱ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀባት። አናጢው ከሜዳው ብዙ አልራቀም፤ ቦርሳው ከጀርባው ሳይወርድ፣ የለበሰው ሸሚዝ ሳይለወጥ በአጥሩ ሥር ወዲያና ወዲህ ይላል። ሌላ ማንም እንደሌለ አረጋግጣ ቀረበችው። አንድ ጊዜ በመታችው ቁጥር ወደ ኋላ እያፈገፈገች በብዙ ምት ጣለችው፤ ነርስ ናትና እንደ እርሱ መዶሻ የለመደች አይደለችም። ከቦርሳው ምስማሩን አገኘሁት። ከዚያ ቤት ያገኘው አንድ ፓኬት ምስማር ነበር።

ጉድለቶቹን ሳልጠቅስ ማለፍ ለአንባቢ ታማኝ አለመሆን ነው። ሞት የማይመለስ ከሆነ ሞቱ የተጫዋቹ ጥፋት መሆን አለበት፤ ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ገጸ ባሕርይው በዕቃ መካከል ሲደናቀፍ፣ በቀኝ ቁልፍ የሚከፈተው የምርጫ ዝርዝር በርን ከመዝጋት ይልቅ መጋረጃን ሲያስመርጥ፣ ወይም አጥር የዘለለ ሰው የተጫነውን ቁልፍ ሳይቀበል ለአፍታ ሲቆም የሚመጣ ሞት ያናድዳል፤ ስድሳ ቀን የኖረ ሰው በዚህ ዓይነት ሲሞት ደግሞ ንዴቱ ሳምንት ይቆያል። ለጀማሪ የሚሰጠው ማስተማሪያም አጭር ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሞቶች ከፍርሃት ይልቅ ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከፋል። እርሻው ካፈራ፣ ጄነሬተሩ ከሠራ፣ አጥሩ ከተዘጋ በኋላ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ብቻውን የሚጫወት ሰው በዚህ ሁሉ አገር ውስጥ በሕይወት ያለ ሌላ ሰው አያገኝም፤ የሚጠብቀው ሰው፣ የሚጣላው ሰው፣ የሚቀብረው ሰው የለውም። እኔ ከሦስት ወር በላይ የኖሩ ሁለት ገጸ ባሕርያት ነበሩኝ፤ ሁለቱም የሞቱት ከመሰላቸት የተነሣ ሳያስፈልጋቸው ሩቅ ሄደው ነው። ሞትን ይህን ያህል ክብደት የሰጠ ጨዋታ ረጅም ለሚኖር ሰው የመኖሪያ ምክንያት ማነሱ ያሳዝነኛል።

ከሰው ጋር ሲጫወቱት ይህ ባዶነት ይሞላል። ከታናሽ እኅቴ ጋር አንድ ክረምት ተጫውተነዋል። እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ፤ እርሷ መኪና መንዳት ስለምትወድ ነዳጅና መድኃኒት ታመጣለች። አንድ ማታ ግቢው በር ላይ ቆማ አልገባ አለች። ምን ሆንሽ ስላት ጥቂት ዝም ብላ «ወንድምዬ፣ በሩን ከውስጥ ዝጋው» አለችኝ። ያመጣችውን ሁሉ በአጥሩ በኩል አቀበለችኝና ሄደች። አንገቷ ላይ ተነክሳ ሦስት መንገድ ያህል ነድታ መምጣቷን የነገረችኝ በኋላ ነው። በማግስቱ ሌላ ሰው ሆና ተመልሳ መጥታለች፤ መኪና መንዳት ግን እንደ በፊቱ አትቸኩልም።

ጨዋታውን መግዛት ለሚፈልግ፣ በስቲም መደበኛ ዋጋው ሃያ ዶላር ገደማ ነው፤ በኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ዋናው እንቅፋት ከዋጋው ይልቅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ነውና ውጭ አገር ዘመድ ያለው በስጦታ መልክ እንዲልክለት መጠየቅ ይቀለዋል። ከተገዛ በኋላ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ኢንተርኔት የግድ አይደለም። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ደህና ላፕቶፕ ያስኬደዋል፤ ዞምቢው በበዛበት ከተማ መሐል ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። የሚነበብ ጽሑፍ ስለበዛበት እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ሰው መጀመሪያው ይከብዳል፤ ደም ማየት ለማይወድና ለልጆችም አልመክረውም።

ጀማሪ ከመግባቱ በፊት የጨዋታውን ሕግ በራሱ ማስተካከል ይችላል። የዞምቢውን ብዛት መቀነስ፣ መብራቱ ቆይቶ እንዲጠፋ ማድረግ፣ በሽታው በንክሻ ብቻ እንዲተላለፍ ወይም ጨርሶ እንዳይኖር ማድረግ ይቻላል። የእኔ ምክር ብዛቱን በግማሽ ቀንሶ የበሽታውን ሕግ እንዳለ መተው ነው። ዞምቢው ሲያንስ ተጫዋቹ ለመማር ጊዜ ያገኛል፤ በሽታው ሲጠፋ ግን ያ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የመጠበቅ ቀን አብሮ ይጠፋል። የጨዋታውን ማኅደር እየገለበጡ አስቀምጠው ሰው ሲሞትባቸው የሚመልሱም አሉ። እኔም አናጢው በተነከሰ ማታ ይህን አስቤ ማኅደሩን ከፍቼው ነበር፤ የነርሷን ስም ከጻፍኩ በኋላ ግን ዘጋሁት። ነርሷ ዛሬ 23ኛ ቀኗ ነው፤ አራቱም በርሜሎች ሞልተዋል፤ ወረቀቱንም ከመግቢያው አላነሣችውም።